የገፊዋ ወንበር

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የጥንት መኪኖች በዓል ረፋድ፤ ከመነሻው ሰልፍ ጭራ ላይ፣ ሞተሯ ጸጥ ባለ ትንሽ የጣሊያን መኪና የፊት ወንበር ወይዘሮ እቴነሽ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ የሟች ባላቸው የአቶ ተድላ ጓደኛ አቶ ሲራጅ በሩን ከፍተው ቆመዋል።)

ሲራጅ፦ ውረጂ እንጂ አቦ!

እቴነሽ፦ አልወርድም።

ሲራጅ፦ እቴነሽ፣ ተይ! ያ ባንዲራ የያዘው ሰውዬ አንድ አንዱን እየለቀቀ ነው። ከፊታችን የቀረው በጣት የሚቆጠር ነው።

እቴነሽ፦ ይልቀቅ። እኔ ምን አልኩት?

ሲራጅ፦ ሞተሩ ጠፍቷል እኮ ነው የምልሽ!

እቴነሽ፦ ማን አጠፋው?

ሲራጅ፦ «ክቡር እንግዳው ንግግር ሊያደርጉ ነው፣ ሞተር ይጥፋ» ተባለ። ሰው ሁሉ አጠፋ፤ እኔም እንዳትጠፋ ከሰልፉ ጭራ እያዞርኩ ይዣት ነበር፣ ቆምኩና አጠፋሁ።

እቴነሽ፦ ሰው ሁሉማ ቁልፍ ሲያዞርላት የምትነሳ መኪና ነው ያለው። አንተ የያዝከው ጣውንቴን ነው። ጣውንቴ ካልተገፋች አትነሳም፤ ከቆመች ደግሞ ትጠፋለች። ይህን ድሬ ውስጥ የማያውቅ ፍየል የለም።

ሲራጅ፦ ታዲያ ክቡር ሰው ሲናገር እሷ ታጓራ?

እቴነሽ፦ ታጓራ! ከንግግሩ የእሷ ማጓራት ይሻለኝ ነበር። እሷ ቢያንስ ወዴት እንደምትሄድ ይታወቃል።

ሲራጅ፦ እሺ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ አበቃ። አሁን ውረጂና ግፊ።

እቴነሽ፦ ምን ላድርግ?

ሲራጅ፦ ግፊ። እንደ ድሮው። እኔ መሪውን እይዛለሁ፣ አንቺ ከኋላ...

እቴነሽ፦ ይህን ቀሚስ አየኸው?

ሲራጅ፦ አየሁት፤ ያምራል።

እቴነሽ፦ ለመግፋት የለበስኩት ይመስልሃል? ሽቶ ተቀብቻለሁ። ሽቶ የተቀባ ገፊ አይተህ ታውቃለህ?

ሲራጅ፦ ወላሂ አልሸተተኝም። ቤንዚኑ ውጦታል።

እቴነሽ፦ የእኔ ዕድል! ከስንት ዓመት አንድ ቀን ብቀባ ቤንዚን ይውጠኝ።

ሲራጅ፦ ትንሽ ነው እኮ የምትገፊው። መንገዱ ወደ ባቡር ጣቢያው ዘንበል ያለ ነው፤ ራሷ ትንከባለላለች። ስትነሳልን እዚያ ዛፉ ስር እጠብቅሻለሁ።

እቴነሽ፦ ምን አልክ? ድገማት!

ሲራጅ፦ ዛፉ ስር እጠብቅሻለሁ።

እቴነሽ፦ ይኸው! ተድላ ከመቃብር ተነስቶ መጣ! እኔ እኮ ሞተ ብዬ ሙት ዓመቱን አውጥቻለሁ።

ሲራጅ፦ ምን አደረግሁሽ አሁን?

እቴነሽ፦ ስማ ሲራጅ። ይህችን መኪና ተድላ «ሙሽሪት» ነበር የሚላት። እኔን ያገባ ለት እሷ ግቢ ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። ሙሽራ እኔ ልሁን እሷ የጠየቀን የለም። በማግስቱ ጠዋት ገና የእጄ እንሶስላ ሳይለቅ «ነይ እስኪ፣ ትንሽ ግፊልኝ» አለኝ። ያቺ «ትንሽ» ዕድሜዬን በላች። ሥራ ሲሄድ ገፋሁ፣ ገበያ ሲሄድ ገፋሁ፣ ለቅሶ ሲሄድ እያለቀስኩ ገፋሁ። እርጉዝ ሆኜ ገፋሁ። አዋላጇ «ግፊ፣ ግፊ» ስትለኝ «መኪናዋ የታለች?» ብዬ ነው የጠየቅኳት።

ሲራጅ፦ ሃ ሃ!

እቴነሽ፦ ሳቅ። እኔም እየሳቅሁ ነው የገፋሁት። ጎማዋ ሲዞር ግን አንድም ቀን ውስጧ ሆኜ አላየሁም።

ሲራጅ፦ አንድም ቀን? ኧረ አትዋሺ!

እቴነሽ፦ በየት በኩል ልሳፈር? ገፍቼ ሳስነሳት፣ ከቆመ ትጠፋበታለች፤ ስለዚህ አይቆምም። እጁን በመስኮት ያወጣና «ዛፉ ስር እጠብቅሻለሁ!» ይላል። ዛፉ ጋ ስደርስ የሚጠብቀኝ ጭሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሩቅ «ስመለስ እነግርሻለሁ!»

ሲራጅ፦ ነግሮሽ የለ ታዲያ?

እቴነሽ፦ ተመልሶ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው። «እራት!»

ሲራጅ፦ ያኔ ወጣት ነበርሽ። ሮጠሽ አትገቢም ነበር?

እቴነሽ፦ ሞክሬ የለ! እግሬ እንደ ሚዳቋ ሳለ፣ በሩን ያዝኩ፣ አንድ እግሬን ወረወርኩ። ጫማዬ ገባ፤ እኔ ቀረሁ። ጫማዬ ሐረር ደርሶ መጣ። እኔ በአንድ እግሬ በር ላይ እንደ ሽመላ ቆሜ ዋልኩ።

ሲራጅ፦ ያ... ያ ቀይ ጫማ ያንቺ ነበር?

እቴነሽ፦ የማን መስሎህ ነበር?

ሲራጅ፦ አቦ ተዪኝ! እኔ እኮ ተድላን ስንት ነገር ጠርጥሬው ኖርኩ!

እቴነሽ፦ ተድላ? እሱ በየት አልፎ? ከሴት ጋር የትም ቢሄድ መኪናዋን የሚያስነሳለት ገፊ ያስፈልገዋል። ከእኔ ሌላ ማን ይገፋለታል? ባሌን የጠበቀልኝ የተበላሸ ማስነሻዋ፣ ሞተሪኖዋ ነው።

ሲራጅ፦ ሌላው ሄደ። አየሽ? ያቺ ሰማያዊዋ ተነሳች።

እቴነሽ፦ በሰላም ትመለስ። ዛሬ ጠዋትስ አንተ ምን አደረግኸኝ?

ሲራጅ፦ ምን አደረግሁ?

እቴነሽ፦ የሰፈሩ ጎረምሶች ገፍተው አስነሱልህ። እኔ በሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ውልቅ አልክ።

ሲራጅ፦ ከቆመች ትጠፋለቻ!

እቴነሽ፦ የመኪናዋ ባለቤት በባጃጅ ተከትዬህ መጣሁ። ባለ ባጃጁ «እማማ፣ ማንን ነው የምንከተለው?» ሲለኝ «መኪናዬን» አልኩት። የተሰረቀች መስሎት እስከ ከዚራ ድረስ ጥሩንባውን እየነፋ «ሌባ! ሌባ!» እያለ አመጣኝ።

ሲራጅ፦ እሱ ነው እንዴ የሚጮኸው! እኔ የሚያጨበጭቡልኝ መስሎኝ እጄን ሳውለበልብ...

እቴነሽ፦ እኔም እንዳልታይ ነጠላዬን ተከናንቤ። ሌባውም ተሰራቂውም አንድ ሰፈር ነና... ቆይ። ይህ ምንድን ነው?

ሲራጅ፦ ምኑ?

እቴነሽ፦ ከኋላ ወንበር ስር። ስማ። ቋቅ ይላል።

ሲራጅ፦ ያረቢ! ዶሮ!

እቴነሽ፦ ቀይዋ! እኔ ሸለምጥማጥ በላት ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር! እንቁላል ታቅፋ ነው፤ አትንካት፣ ትነቁርሃለች።

ሲራጅ፦ የዶሮ ቤት ያደረግሻትን መኪና ስጠግን ዶሮዎቹን በሙሉ አስወጣሁ ብዬ ነበር እኮ!

እቴነሽ፦ ዶሮ ዘር ማንዘሯ የኖረበትን ቤት በአንድ ጠዋት ልቀቂ ቢሏት ትለቃለች? ቆይ ግን... አንተ ይህን ሁሉ መንገድ ስትመጣ እሷ ውስጥ ነበረች ማለት ነው?

ሲራጅ፦ እንግዲህ... ነበረች።

እቴነሽ፦ ዶሮዬ እንኳ ቀደመችኝ! እኔ በባጃጅ አቧራ ስቅም እሷ ተንፈላስሳ ድሬን ጎበኘች። እንግዲህማ ዓለም ቢገለበጥ አልወርድም።

ሲራጅ፦ እቴነሽ፣ ደንቡን ሰምተሻል። ሰልፍ ከያዝን በኋላ መኪናዋን መንካት የሚችል የተመዘገብነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሌላ ሰው ጣቱን ካሳረፈ ከበዓሉ ውጪ ነን። እኔ እነዳለሁ፤ ታዲያ ማን ይግፋ? ዶሮዋ?

እቴነሽ፦ ማን መዘገበኝ?

ሲራጅ፦ እኔ ነኛ።

እቴነሽ፦ ለምን መዘገብከኝ?

ሲራጅ፦ ባለቤቷ ወይም ወራሿ ከላይዋ ካልተቀመጠ አይሆንም ስላሉ።

እቴነሽ፦ «ከላይዋ ካልተቀመጠ» ነው ያሉት ወይስ «ከኋላዋ ካልገፋ»?

ሲራጅ፦ ...ካልተቀመጠ።

እቴነሽ፦ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ያተምኩት ለዚያ ነው። ምን እንደተጻፈ አላውቅም፤ ጣቴን ግን አውቃታለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ አልሰማህም? ወረቀቱ እነሱ ጋ ነው። ሞኟ ደግሞ ይኸው እዚህ፣ ወንበሯን ይዛለች።

ሲራጅ፦ ስንት ወር ሙሉ ከታችዋ ተጋድሜ ሠራኋት፤ ለዚህ ነው? የልጅ ልጆቼ ጣቢያው ጥግ ቆመው እየጠበቁኝ ነው እኮ! «አያታችሁ ሲነዳ ታያላችሁ» ብያቸዋለሁ።

እቴነሽ፦ ሌላስ ምን ብለሃቸዋል?

ሲራጅ፦ ምን እላለሁ?

እቴነሽ፦ ሲራጅ!

ሲራጅ፦ ...በድሮው ውድድር ሾፌር ነበርኩ ብዬ... ትንሽ...

እቴነሽ፦ አንተ! ተድላ መሪዋን በዓይንህ እንኳ እንድትነካት አይፈቅድልህም ነበር!

ሲራጅ፦ ከጎኑ ነበርኩ!

እቴነሽ፦ ጀሪካን አቅፈህ! ውሃዋ ሲፈላ የምትሞላላት አንተ ነበርክ። ተድላ ሁለት ነገር ጭኖ ነበር የሚወዳደረው፤ ጀሪካንና ጀሪካን ያዥ።

ሲራጅ፦ ያለ ውሃ የት ትደርስ ነበር?

እቴነሽ፦ በውሃስ የት ደረሰች? አንድ ቀን ዋንጫ ይዛችሁ መጥታችሁ ታውቃላችሁ?

ሲራጅ፦ መጨረሻ የሚገባ ብዙ ይጨበጨብለታል።

እቴነሽ፦ ያ ጭብጨባ አይደለም። ሰዉ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነስቶ አቧራውን ሲያራግፍ ነው።

ሲራጅ፦ በአላህ! ያረጀ ሰው እንዲህ ይዋረዳል?

እቴነሽ፦ እኔስ ምን ቀረኝ? አንተ ጀሪካን አቅፈህም ቢሆን ዞረሃል። እኔ ዙሩን የማውቀው በወሬ ነው። እሱም ቢሆን የአንዳችሁ ከሌላው ጋር አይገጥም። ተድላ «ጣቢያው ጋ ዛፎቹ ከላይ ይገጥሙና መንገዱ እንደ ዋሻ ይጨልማል» ይለኛል። አንተ ደግሞ «ፀሐዩ ዓይን ያወጣል» ትላለህ። አንዱን መንገድ ነው የዞራችሁት?

ሲራጅ፦ እሱ ከላይ ጥላ ነበረው። እኔ ጀሪካኑ ፀሐይ እያንጸባረቀብኝ...

እቴነሽ፦ አየህ? እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ስትሉኝ አረጀሁ። ዛሬ አንድ ዙር ተቀምጬ ላይ ነው የምፈልገው። አንድ! ከዚያ ብሞት እንኳ፣ ገፍታ ሞተች አይሉኝም።

ሲራጅ፦ ባንዲራ የያዘው ወደዚህ አየ። አሁን ሊመጣ ነው። ካልተንቀሳቀሳችሁ ውጡ ነው የሚለን።

እቴነሽ፦ እንወጣለን፤ ምን ይደረግ። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት።

ሲራጅ፦ ኧረ አትቀልጂ! እሺ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ተድላ ነግሮሽ ስለማያውቅ ነው የምነግርሽ።

እቴነሽ፦ ልታባብለኝ ነው? ጀምር።

ሲራጅ፦ ከግቢ ገፍተሽ ስታስነሺን፣ ሁልጊዜ፣ ዓይኑ መንገድ ላይ አልነበረም። መስታወቷ ላይ ነበር። አንቺን ነበር የሚያየው፤ ነጠላሽ ወገብሽ ላይ ታስሮ፣ እጅሽ እንደተዘረጋ፣ ጭሱ ውስጥ ቆመሽ። እስክትጠፊ ድረስ ያይሻል። ስንት ጊዜ ከስልክ እንጨት ጋር ልንላተም! «ተድላ፣ ፊትህን እይ!» እለዋለሁ። «ቆይ፣ ገና ትታየኛለች» ይለኛል።

እቴነሽ፦ ...ትዋሻለህ።

ሲራጅ፦ ወላሂ! የዚያች የግራ መብራት ስብራት ከየት የመጣ ይመስልሻል?

እቴነሽ፦ በሬ ነው ብሎኛል እኮ። በሬ ወጋት ነው ያለኝ።

ሲራጅ፦ ሰፈራችን ውስጥ በሬ?

እቴነሽ፦ ይህን ለምን ሳልሸብት አልነገርከኝም አንተ?

ሲራጅ፦ «ስመለስ እነግርሻለሁ» ሲልሽ እሰማ አልነበር? ነግሯት ይሆናል ብዬ።

እቴነሽ፦ እራት ነበራ የሚለኝ! እራት!

ሲራጅ፦ እንግዲህ እሱ ከራበው... ምነው? ታለቅሻለሽ እንዴ?

እቴነሽ፦ ቤንዚን ነው። ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። የትኛዋ ናት መስታወቷ?

ሲራጅ፦ ያቺ፣ ከላይ የተንጠለጠለችው።

እቴነሽ፦ በዚህ ውስጥ የሚታየኝ የራሴ ጥርስ ነው። እሱም ያለው አንድ ጎን ብቻ።

ሲራጅ፦ ከዚያ ወንበር አትታይም፤ ለሾፌሩ ናት። ኋላን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ...አሁን ልብሽ ከራራልኝ፣ ትንሽ ብቻ ግፊና... እቴነሽ? ምን ልታደርጊ ነው?

እቴነሽ፦ ወደዚያ ወንበር ልዛወር ነው። እግሬን ቀስ አድርገህ አሳልፍልኝ፤ ይህች ዘንግ ጉልበቴ ስር ገባች።

ሲራጅ፦ ያቺ ማርሿ ናት! አንቺ ሴትዮ፣ የሾፌር ወንበር እኮ ነው!

እቴነሽ፦ ወንበርማ ወንበር ነው። እግዚኦ፣ ደግሞ ጠባብ ነው! ተድላ እዚህ የት ነበር ሆዱን የሚያስቀምጠው?

ሲራጅ፦ አንቺ መንዳት አትችዪም!

እቴነሽ፦ ማን ነው ያለው? ተድላ ከሞተ ወዲህ ማታ ማታ ዶሮ ላስገባ ስወጣ እዚሁ ተቀምጬ አይደል የምነዳት? አዲስ አበባ ሄጃለሁ። ጅቡቲ ሄጃለሁ። ባሕር ሳይ ቆሜ ተመልሻለሁ። ተሳፋሪዎቼ ዶሮዎች ነበሩ፤ አንዲት እንኳ ተጋጨሽ ብላ አልከሰሰችኝም።

ሲራጅ፦ ቆማ እኮ ነው! ጎማ የላትም ነበር! በድንጋይ ላይ ተቀምጣ!

እቴነሽ፦ ጎማ በሌላት መኪና ጅቡቲ የደረስኩ፣ ጎማ ባላት ጣቢያው ጋ መድረስ ያቅተኛል?

ሲራጅ፦ አላህ! እኔ ምን በድዬ ነው?

እቴነሽ፦ አስላው እስኪ። እኔ አልገፋም። አልወርድምም። አንተ ካልገፋህ ሁለታችንም እዚሁ ፀሐይ ላይ እንደ ቋንጣ እንደርቃለን። የልጅ ልጆችህም አያታቸውን በሰው ሲያስወጡት ያያሉ። አንተ ከገፋህ ግን መኪናዋ ትነሳለች።

ሲራጅ፦ ከተነሳችስ? ማን ይነዳታል?

እቴነሽ፦ ስትነሳ በቀስታ አስኬዳታለሁ፣ አንተ ሮጠህ በሩን ትይዛለህ፣ እኔ ወደዚያኛው ወንበር እንሸራተታለሁ፣ አንተ ትገባለህ። ከዚያ አንተ ሾፌር፣ እኔ እመቤት።

ሲራጅ፦ በዚህ ጉልበቴ?

እቴነሽ፦ ኳስ ተጫዋች አልነበርክም? «የቀኝ ክንፍ ነበርኩ» እያልክ ጆሯችንን ስታደርቀው አልነበር?

ሲራጅ፦ ነበርኩ! እንደ ጥይት ነበር የምሮጠው!

እቴነሽ፦ እንግዲህ ክንፍህን አውጣ። ላባም ከቀረህ ላባህን።

ሲራጅ፦ ሰውዬው መጣ! እጁን እያወዛወዘ ነው! ...ይሄው ጌታዬ፣ ተዘጋጅተናል! ተዘጋጅተናል! ...እሺ እቴነሽ፣ ገደልሽኝ። ስሚ። ያ የግራው ፍሪሲዮን ነው። ርገጪው።

እቴነሽ፦ ረገጥኩት።

ሲራጅ፦ ማርሹን ሁለተኛ ላይ አድርጊ፣ ወደ ራስሽና ወደ ታች። ጎበዝ! እዚያው ላይ ይቆይ፤ ሌላ ማርሽ እንዳትነኪ። ዛሬ ውድድር አይደለም፣ ሰልፍ ነው፤ ማንም ማንንም አይቀድምም። እኔ ስገፋና «ልቀቂ» ስልሽ እግርሽን ከፍሪሲዮኑ ላይ ታነሻለሽ። ግን መቼ እንደምልሽ እኔም አላውቀውም። ድሮ «ልቀቅ!» የምትዪው አንቺ ነበርሽ።

እቴነሽ፦ አንተ ዝም ብለህ ግፋ። ስትቀል መዳፌ ይነግረኝ ነበር። መዳፌ ያወቀውን መቀመጫዬ አይስተውም።

ሲራጅ፦ መሃለኛው ፍሬን ነው፣ አትርሺ።

እቴነሽ፦ ፍሬን ከረገጥኩ ትቆማለች። ከቆመች ደግሞ?

ሲራጅ፦ ትጠፋለች። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ግን ትጠብቂኛለሽ አይደል? ማይልኝ። በተድላ ሞት!

እቴነሽ፦ ዛፉ ስር እጠብቅሃለሁ።

ሲራጅ፦ ይሄማ የእሱ ቃል ነው!

እቴነሽ፦ ሌላ ማን ምን አስተማረኝ? ሂድ ወደ ኋላ። ቀስ፣ ኮትህን አውልቅ፣ ላብ ያጠፋዋል። እጅህን ሰፋ አድርገህ አሳርፍ። ክርንህን አትጠፍ፣ በእግርህ ነው የሚገፋው።

ሲራጅ፦ እንዲህ?

እቴነሽ፦ ወገብህን ዝቅ! ለሰላምታ ነው እንዴ የቆምከው? መቀመጫህን ወደ ኋላ!

ሲራጅ፦ ሰው እያየን ነው!

እቴነሽ፦ እኔንስ ማን አላየኝም? ሰፈሩ በሙሉ በእኔ መቀመጫ ነበር ሰዓት የሚያውቀው፤ «እቴነሽ አጎነበሰች፣ ተድላ ሥራ ሊሄድ ነው» እያለ። ግፋ!

ሲራጅ፦ ቢስሚላህ... ህህህ!

እቴነሽ፦ ይህ መግፋት ነው? ይህ መደገፍ ነው!

ሲራጅ፦ እየገፋሁ ነው!

እቴነሽ፦ ጀሪካን አቅፎ የኖረ ክንድ! ግፋ! ተንቀሳቀሰች! በለው!

ሲራጅ፦ ልቀቂ! ልቀቂ!

እቴነሽ፦ ገና ነው!

ሲራጅ፦ ሞትኩ! ልቀቂ እንጂ!

እቴነሽ፦ ገና ናት፣ ከብዳለች! ትንሽ... ትንሽ... ቀለለች! በል፣ ለቀቅኋት!

ሲራጅ፦ ተነሳች! አቦ! ተነሳች!

እቴነሽ፦ ተነሳች! ወይ ጣውንቴ! አጓራሽ! ልቤም አብሮ አጓራ!

ሲራጅ፦ ቀስ! ቀስ በይ፣ እየመጣሁ ነው! በሩን!

እቴነሽ፦ በሩ ክፍት ነው! ና! ና እንጂ፣ የቀኝ ክንፍ!

ሲራጅ፦ ጭሱ... ጭሱ አፈነኝ! ፍሬን ንኪው፣ ትንሽ ብቻ!

እቴነሽ፦ ከነካሁት ትጠፋለች!

ሲራጅ፦ ያዝኩት! በሩን ያዝኩት! እግሬን... አይ! አይ! ጫማዬ!

እቴነሽ፦ ገብቷል! ጫማህ ገብቷል! ዶሮዋ አጠገብ ተቀምጧል!

ሲራጅ፦ እኔስ?

እቴነሽ፦ ወይኔ፣ ሲራጅ! መስታወቷ ውስጥ አየሁህ! በአንድ እግርህ ቆመህ፣ እጅህ እንደተዘረጋ! ገፊ በመስታወት ሲያዩት እንዲህ ያምራል ለካ!

ሲራጅ፦ ፊትሽን እዪ! ጣቢያው ጋ ወደ ግራ ነው! የልጅ ልጆቼ ቆመዋል! ምን እላቸዋለሁ? እቴነሽ! ምን ብዬ ልንገራቸው?

እቴነሽ፦ ቆይ፣ ገና ትታየኛለህ! ...ስመለስ እነግርሃለሁ!